ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ የመሄጃውና የመመለሻው ሰዓት ለምን ይለያያል?

ጥያቄ፦ የጠባሴ ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እናቴ በመጪው ነሐሴ መጀመሪያ እኅቴን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ትጓዛለች፤ ለገና ቤቷ እንድትሆን መመለሻዋ በታኅሣሥ አጋማሽ ተቆርጦላታል። አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ስለሆነና ዕድሜዋም ስለገፋ፣ ጉዞው ምን ያህል ሰዓት እንደሚወስድባት በትክክል ላስረዳት አስቤ የቲኬቱን ወረቀት ይዤ ሳሰላ መልስ ያጣሁላቸው ነገሮች በዙብኝ። ስለዚህ የምታውቁ ሰዎች እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ይህ ነው። ስትሄድ ከቦሌ የምትነሣው በ22:45 ሲሆን ዋሽንግተን የምትደርሰው በማግስቱ በ08:00 ነው። ስትመለስ ደግሞ ከዋሽንግተን በ11:00 ተነሥታ አዲስ አበባ የምትገባው በማግስቱ በ08:00 ነው። ሰዓቱ እንደወረደ ከተቆጠረ መሄጃው 9 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፣ መመለሻው ግን 21 ሰዓት ይሆናል። ይህ በሁለቱ አገሮች የሰዓት ልዩነት የመጣ መሆኑን እረዳለሁ፤ ነገር ግን ልዩነቱን አንዱ ሰው 7 ሰዓት፣ ሌላው 8 ሰዓት እያለ ስለሚነግረኝ የቱን ይዤ እንደማሰላ አላወቅሁም። በየትኛውም ባሰላው ደግሞ መሄጃው ከመመለሻው ከሁለት ሰዓት በላይ ይረዝማል። ከተሞቹ ያው ሁለት ከተሞች ሆነው ሳለ ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አባት መሬት ስለምትዞር ነው ብለውኛል፤ እውነት ይህ ነው?

ርቀቱንም ስፈልግ አንዱ ቦታ 11,560 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 7,185 ማይል፣ ሦስተኛው 6,240 ማይል ይላል። ሁለቱ የማይል ቁጥሮች እንዴት ሊለያዩ ቻሉ?

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ግን ጤናዋ ነው። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ እኅቴም «እንዲያ ከፍታ ላይ አየር ያጥራት ይሆን?» እያለች ትሰጋለች። በዚህ ላይ ጉዞዋ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል፣ ሰዓቱ ሲዘበራረቅባት እንዴት እንደምትሆን አሳስቦኛል።

መልስ፦ ከአንኮበር

ወንድሜ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከሰዓቱ ልጀምር፤ 7 ያሉዎትም 8 ያሉዎትም ሰዎች ትክክል ናቸው።

ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ እኛ ዘንድ ሰዓት በየወቅቱ ማስቀደምና ማዘግየት የለም። ዋሽንግተን ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቷን ታዛውራለች። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ድረስ ከመነሻው በ4 ሰዓት ወደ ኋላ ስትሆን፣ በቀረው ጊዜ በ5 ሰዓት ወደ ኋላ ትሆናለች። በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው ለውጥ በየካቲት ማብቂያ ወይም በመጋቢት የመጀመሪያ ቀናት፣ ሁለተኛው በጥቅምት ማብቂያ ገደማ ይውላል። ስለዚህ እናትዎ በነሐሴ ሲሄዱ ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው፤ በታኅሣሥ ሲመለሱ ግን 8 ሰዓት ይሆናል።

ስሌቱም እንዲህ ነው። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚቀር ልዩነቱ በወረቀቱ ሰዓት ላይ ይደመራል፤ 9 ሰዓት ከ15 ሲደመር 7 ሰዓት፣ 16 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይሆናል። ወደ ምሥራቅ ሲመጣ ይቀነሳል፤ ከ21 ሰዓት ላይ 8 ሲነሣ 13 ሰዓት ይቀራል። እናትዎ ከወንበራቸው ጋር የሚቆዩበት ትክክለኛ ጊዜ ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላሳስብዎ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠር ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር ለማወቅ 6 ይቀነስለታል፤ የቀረው ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ይነሣለታል፤ 22:45 ማለት ከምሽቱ 4:45 ነው። የእናትዎ መነሻ ከእኩለ ሌሊት በፊት በመሆኑ ችግር የለውም። ነገር ግን የበረራው ሰዓት ተለውጦ፣ ለምሳሌ ወደ 00:30 ቢዛወር፣ ቀኑ አብሮ እንደሚለወጥ ያስታውሱ። በወር 15ኛው ቀን በ00:30 የሚል ቲኬት የያዘ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት ያለበት በ14ኛው ቀን ምሽት ነው። እኛ ሌሊቱን ከዋለው ቀን ጋር አያይዘን ስለምንቆጥር፣ በ15ኛው ቀን ምሽት ሻንጣቸውን ይዘው የሚደርሱና አውሮፕላኑ ያመለጣቸው መሆኑን እዚያ የሚሰሙ ሰዎች አሉ። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠሮች ጽፈው ግድግዳ ላይ ቢለጥፉት መልካም ነው።

ስለ ርቀቱ የጠየቁት ቀላል ነው። ሦስቱም ቁጥሮች አንድ ርቀት ናቸው። በየብስ ላይ የምንጠቀምበት ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ መርከበኞችና አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ግን 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። 11,560 ኪሎ ሜትርን ለመጀመሪያው ቢያካፍሉት 7,185 ገደማ፣ ለሁለተኛው ቢያካፍሉት 6,240 ገደማ ያገኛሉ።

ይህ ርቀት የሚለካው በሉሏ ምድር ላይ ባለው አጭሩ መስመር ነው። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ ካየነው መንገዱ በቻድና በማሊ አልፎ አትላንቲክን በቀጥታ የሚያቋርጥ ይመስላል። በትምህርት ቤት ሉል ላይ ግን ክር ወስደው አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን ወጥረው ቢያገናኙ፣ ክሩ ከአዲስ አበባ ሲነሣ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀናል፤ ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ አልጄሪያን፣ ስፔንንና ፖርቱጋልን አቋርጦ አትላንቲክ መካከል ወደ 45 ዲግሪ ሰሜን ከወጣ በኋላ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ በኩል ወደ ዋሽንግተን ይወርዳል። የአውሮፕላኑ ትክክለኛ መንገድ እንደ ነፋሱና እንደ ተፈቀደው የአየር ክልል ከዚህ መስመር ስለሚወጣ፣ በእርግጥ የሚበረረው ርቀት ምንጊዜም ከ11,560 ትንሽ ይበልጣል።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር (ደብረ ሲና)

የአንኮበሩ ወንድማችን ሰዓቱን በሚገባ ስላስረዱ እኔ ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። 16 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ሄዶ በ13 ሰዓት መመለስን ያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የቦሌ ከፍታና ነፋሱ። የመሬት መዞር ግን በቀጥታ ድርሻ የለውም። የጎረቤትዎን አሳብ ብዙ ሰው ስለሚጋራው አስቀድሜ ላንሣው።

መሬት የምትዞረው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። አውሮፕላኑ ሽቅብ ወጥቶ መሬት ከሥሩ ብቻዋን የምትዞር ቢሆን ኖሮ ዋሽንግተን ራሷ ወደ እኛ ትመጣ ነበርና መሄጃው አጭር፣ መመለሻው ረጅም በሆነ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ምክንያቱም አየሩ ከመሬት ጋር አብሮ ይዞራል፤ አውሮፕላኑም ገና ቦሌ ላይ ቆሞ ሳለ ከመሬት ጋር እየዞረ ስለነበር ሲነሣ ያንን እንቅስቃሴ ይዞት ይነሣል።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ዋሽንግተንን የሚያገለግለው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን 95 ሜትር ላይ ብቻ ነው። በቦሌ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ እፍግታው (ጥቅጥቅነቱ) ደግሞ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ይህን ለተማሪዎቼ የማሳየው በላስቲክ የውኃ ጠርሙስ ነው። ጣርማበር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ብርዳም ቦታ፣ ባዶውን ጠርሙስ ከፍተው አየር ካስገቡ በኋላ ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉና ቁልቁለቱን ይውረዱ። ደብረ ሲና ሲደርሱ የጠርሙሱ ጎን ወደ ውስጥ መግባት ይጀምራል፤ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋሮቢት ሲደርሱ ደግሞ ጭምድድ ብሎ ያገኙታል፤ ክዳኑን ሲያላሉት አየር እየሳበ ድምፅ ያሰማል። ከውስጥ ያለው የደጋው ስስ አየር ነው፤ ከውጭ የሚጫነው የቆላው ጥቅጥቅ አየር ነው።

ክንፍ አውሮፕላንን የሚያነሣው በላዩና በሥሩ በሚያልፈው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሣት አውሮፕላኑ በላቀ ፍጥነት መንደርደር አለበት፤ በቦሌ ከፍታ ይህ ፍጥነት በባሕር ወለል ላይ ከሚያስፈልገው በ12 በመቶ ያህል ይበልጣል። በአንጻሩ ሞተሩ የሚስበው አየርም ስስ ስለሆነ ኃይሉ ይቀንሳል። ከፍ ያለ ፍጥነት ላይ በተቀነሰ ኃይል ለመድረስ ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልጋል። የቦሌ ሁለት መንደርደሪያዎች 3,700 እና 3,800 ሜትር ርዝመት ያላቸው ቢሆኑም፣ ወሰን የሚያበጀው ርዝመታቸው ብቻ አይደለም። ጎማዎቹ መሬት ላይ ሊሽከረከሩ የሚችሉበት ከፍተኛ ፍጥነት የተወሰነ ነው፤ ከዚህም በላይ ልክ በሚነሣበት ቅጽበት አንዱ ሞተር ቢቆም አውሮፕላኑ በቀረው ሞተር ብቻ በዙሪያው ካለው ተራራማ ምድር በላይ መውጣት እንደሚችል አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ከከተማዋ በስተሰሜን ያለው እንጦጦ ራሱ ከ3,000 ሜትር ያልፋል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ አውሮፕላኑ ከቦሌ ይዞት ሊነሣ የሚችለውን ክብደት ይቀንሰዋል። ቦይንግ 787-8ን ብንወስድ ሙሉ ክብደቱ 227 ቶን ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ነዳጁ ብቻ እስከ 100 ቶን ሊሆን ይችላል። በሰዓት 5 ቶን ያህል የሚያቃጥል አውሮፕላን ከነፋስ ጋር እየታገለ ወደ 14 ሰዓት ለሚጠጋ በረራ 70 ቶን ያህል ይፈልጋል፤ በዚህ ላይ ለመጠባበቂያ የሚያዝ ነዳጅ አለ። ይህን ሁሉ ነዳጅ ከሙሉ መንገደኛና ከሙሉ ጭነት ጋር ይዞ ከቦሌ መነሣት ስለሚከብድ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ መንገደኛና ጭነት መቀነስ፣ ወይ ነዳጅ ቀንሶ ተነሥቶ በመንገድ ላይ ዝቅ ያለ አገር አርፎ መሙላት። የተመረጠው ሁለተኛው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የዋሽንግተን በረራ በተለያዩ ዘመናት በሮም፣ በአየርላንዷ ደብሊንና በቶጎዋ ሎሜ ያረፈበት ምክንያት ይህ ነው። በሌሊት መነሣቱም ይረዳል፤ ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይልቅ የታፈገ ነውና።

ሲመለስ ግን ይህ ችግር የለም። ከደለስ ዝቅታ ላይ ታንኩን ሞልቶ ይነሣና ሳያርፍ በአንድ ትንፋሽ ቦሌ ይገባል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማረፍ የራሱ ጥንቃቄ ቢኖረውም፣ አውሮፕላኑ በዚያን ጊዜ አብዛኛውን ነዳጁን ስለጨረሰ ቀሎ ነው የሚደርሰው።

ወደ ነፋሱ ስንመጣ፣ ከምድር 9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሰሜኑ የዓለም ክፍል፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያለማቋረጥ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ ጄት ስትሪም ይባላል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፤ አንዳንዴም ከ300 ያልፋል። መንገዱ ሁሉ በዚህ ነፋስ ውስጥ ስለማይሆን ለስሌት ያህል አማካዩን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብቻ እናድርገው። በአየሩ ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ነፋስ ባይኖር 11,560 ኪሎ ሜትሩን በ12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰው ነበር። ነፋሱ ከፊት ሲመጣበት በምድር ላይ የሚጓዘው በሰዓት 840 ብቻ ስለሚሆን 13 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ ከኋላ ሲገፋው 960 ስለሚሆን በ12 ሰዓት ይደርሳል። ከነፋሱ ብቻ የአንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ልዩነት መጣ ማለት ነው። ነዳጅ ለመሙላት የሚቆምበት አንድ ሰዓት ያህልና ለመውረድ፣ ለማረፍ፣ እንደገና ለመነሣትና ከፍታውን ለመያዝ የሚጠፋው ጊዜ ሲጨመርበት የእርስዎ የሦስት ሰዓት ከሩብ ልዩነት ይሞላል።

ይህ ነፋስ በሰሜኑ ክፍል በክረምታቸው፣ ማለትም ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይበረታል። እናትዎ የሚመለሱት በታኅሣሥ ስለሆነ አውሮፕላኑ ከተጻፈው ሰዓት ቀደም ብሎ ቢገባ አይደነቁ፤ የሚቀበላቸው ሰው በጊዜ ይድረስ።

ጠያቂው፦ የጠባሴ ልጅ (ደብረ ብርሃን)

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጠርሙሱን ነገር ከሸዋሮቢት በኩል ስመላለስ ብዙ ጊዜ አይቼው ምክንያቱን ሳልጠይቅ የኖርሁ ስለሆነ አሁን በደንብ ገባኝ። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይፈቀድልኝ። ለነዳጅ ሲባል ደብሊን ወይም ሎሜ መሄድ መንገዱን እጅግ አያስረዝመውም? እናቴስ እዚያ ቦታ ከአውሮፕላኑ መውረድ ይኖርባታል? ቋንቋ ስለማትችል ይህ አስጨንቆኛል።

መልስ፦ የመንዝ ተወላጅ (ሜሪላንድ)

ወንድሜ፣ እኔ በዚህ መስመር የምመላለስ ሰው ስለሆንሁ ይህንን እኔ ልመልስ።

ደብሊን በካርታ ላይ ስትታይ ከመንገድ የወጣች ትመስላለች፤ በሉል ላይ ሲለካ ግን በእርሷ በኩል ማለፍ መንገዱን ብዙም አያስረዝመውም። ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,365 ኪሎ ሜትር፣ ከደብሊን ዋሽንግተን 5,465 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ድምሩ 11,830 ይሆናል። ከቀጥታው መንገድ የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ለአውሮፕላን ከ20 ደቂቃ አያልፍም። በሎሜ በኩል ግን መጀመሪያ ወደ ምዕራብ 4,150 ኪሎ ሜትር ያህል ተሄዶ ከዚያ 8,600 ኪሎ ሜትር ስለሚቀር፣ ድምሩ 12,750 ይደርሳል። ትርፉ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ነውና አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይጨምራል። ያም ሆኖ ሎሜ ከባሕር ጠረፍ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች አውሮፕላኑ ከዚያ ሙሉ ክብደቱን ይዞ መነሣት ይችላል፤ የምዕራብ አፍሪካ መንገደኞችም እዚያ ይሳፈራሉ። ቲኬቱ ላይ የማረፊያው ቦታ ተጽፎ ስለሚገኝ የቱ እንደሆነ አይተው ያረጋግጡ።

ለነዳጅ ብቻ ሲቆም ወደ ዋሽንግተን የሚቀጥሉት መንገደኞች በአብዛኛው ከወንበራቸው አይነሡም፤ ቀበቶ ፈትቶ መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠየቀው። እናትዎ «ደረስን» ብለው ሻንጣቸውን እንዳያወርዱ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጓዙ እናቶች ከሚደናገሩባቸው ነገሮች ዋናው ይህ ነው። አስተናጋጆቹ አማርኛ ስለሚናገሩ መጠየቅ ይችላሉ። በተረፈ ቲኬቱን በቆረጡበት ቢሮ በኩል የተሽከርካሪ ወንበር አገልግሎት አስቀድመው ቢያስመዘግቡላቸው፣ ቦሌም ሆነ ደለስ ላይ ከአውሮፕላኑ በር እስከ መውጫው ድረስ የሚያደርሳቸው ሰው ይመደብላቸዋል። ይህ አገልግሎት መራመድ ለማይችሉ ብቻ አይደለም፤ ረጅሙን ኮሪደር መሄድ ለሚያደክማቸው አረጋውያንም ይሰጣል።

መልስ፦ ነርስ (ሸዋሮቢት)

እኔ የእኅትዎን ስጋት የሚመለከተውን ላንሣ።

የአውሮፕላኑ ውስጥ አየር የውጭው ስስ አየር እንዳለ አይደለም፤ ታምቆ የሚገባ ነው። በቀደሙት አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲስተካከል ተደርጎ ይጠበቃል፤ በቦይንግ 787 እና በኤርባስ 350 ግን 1,800 ሜትር ላይ እንዳለው ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,840 ሜትር ላይ ናት። እንግዲህ እናትዎ 11 ሺህ ሜትር ላይ ሲበሩ የሚተነፍሱት አየር ጠባሴ ካለው ቤታቸው ደጃፍ ከሚተነፍሱት ይልቅ የታፈገ ነው። ከባሕር ጠረፍ የሚነሣ ሰው የሚሰማው የአየር ማነስ ለደጋ ሰው እምብዛም አይሰማውም። በደጋ ሲኖሩ ትንፋሻቸው ደህና ከሆነ በዚህ በኩል ብዙ መስጋት አያስፈልግም፤ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለባቸው ግን ጉዞው ከመድረሱ በፊት ሐኪማቸው ሊያያቸው ይገባል።

ይልቅ ትኩረት የሚያሻው መቀመጡ ነው። ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያጋልጣል፤ አደጋው በዕድሜ ይጨምራል። በመተላለፊያው በኩል ያለው ወንበር ቢያዝላቸው በየጊዜው ለመነሣት አይቸገሩም፤ ተቀምጠውም ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ባታቸውን ያንቀሳቅሱ። የአውሮፕላን ውስጥ አየር እጅግ ደረቅ ስለሆነ ውኃ ደጋግመው ሊጠጡ ይገባል። ብዙ እናቶች መጸዳጃ ቤት መመላለስን ፈርተው ውኃ ይተዋሉ፤ ይህን እንዳያደርጉ ይምከሯቸው። ደለስ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ በሚወርዱበት ጊዜ ጆሯቸው ሊደፈን ይችላል፤ ምራቅ መዋጥ ወይም ከረሜላ መምጠጥ ይከፍተዋል።

መድኃኒታቸው በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ፤ ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይያዝ። በ7 ሰዓት የሰዓት ልዩነት ላይ መቼ መዋጥ እንዳለባቸው ሐኪማቸውን ጠይቀው በወረቀት ያስጽፉላቸው።

ስለ ጾሙ ደግሞ፣ በአገር ቤት ሰዓት ብናሰላው ከምሽቱ 4:45 ተነሥተው 16 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ሲጓዙ የሚደርሱት ልክ በቀኑ 9 ሰዓት ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነና የአገራቸውን ሰዓት ከያዙ፣ አብዛኛውን በረራ ምንም ሳይቀምሱ ይጨርሱታል ማለት ነው። መድኃኒት ለሚወስድ አረጋዊ ሰው ይህ ስለሚከብድ የንስሐ አባታቸውን ቀድመው ያማክሩ። የጾም ምግብ ከበረራው በፊት ማስመዝገብ ስለሚቻል በዚያ በኩል አይቸገሩም።

መልስ፦ ከጫጫ

ከላይ የተሰጡት መልሶች ከቦሌ በኋላ ያለውን መንገድ ስለዘረዘሩ፣ እኔ ከቦሌ በፊት ስላለው ጥቂት ልበል። በዚህ መንገድ ሰው በማመላለስ ሥራ ላይ ነኝ።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከጠቅላላው ጉዞ አንድ በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ሰዓቱ ግን እንደ ርቀቱ አይደለም። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ በነሐሴ ደግሞ ጫጫና ሸኖ አካባቢ ጭጋጉ ሲወርድ ፊት ለፊት ያለውን መኪና ማየት ያስቸግራል፤ ከሰንዳፋ ጀምሮ እስከ ለገጣፎ ድረስም የጭነት መኪናው ብዛት ያስቆማል። ለዓለም አቀፍ በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ስለሚያስፈልግ ከምሽቱ 1:45 ላይ ቦሌ መድረስ አለባችሁ። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ከቀትር በኋላ እንዳትነሡ፤ ዘመድ ካላችሁ በዋዜማው ገብተው ቢያድሩ ደግሞ የተሻለ ነው። እናታችን ከ16 ሰዓት መቀመጥ በፊት በመኪና መንገላታት የለባቸውም።

መልስ፦ የመንዝ ተወላጅ (ሜሪላንድ)

የጫጫው ወንድማችን ያሉት ትክክል ነው፤ በዚህ በኩልም ያንኑ ያህል ጊዜ መታሰብ አለበት። ደለስ ከዋሽንግተን መሃል በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ከአውሮፕላኑ ከወረዱ በኋላ የፓስፖርት ሰልፉና ሻንጣው አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ይወስዳል። እኅትዎ የሚያርፉበትን አድራሻና የራሷን ስልክ ቁጥር በእንግሊዝኛ ጽፋ ትላክላቸው፤ እናትዎም ወረቀቱን ከፓስፖርታቸው ጋር ይያዙ፤ ተቆጣጣሪው ይጠይቃቸዋል።

አውሮፕላኑ በ08:00 ሲያርፍ ደብረ ብርሃን ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ስልክ መጠበቅ ብትጀምሩ ትጨነቃላችሁ፤ ከ11 ሰዓት በፊት ካልተደወለ ምንም ክፉ ነገር እንደሌለ ለቤተሰቡ ሁሉ ከወዲሁ ንገሩ።